ከሞተር አደጋ በኋላ፦ እግርህን ርገጥ፣ እጅህን አስመርምር

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 28 ነው። ከስምንት ሳምንት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሞተር ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ፣ ሀላባን እንዳለፍን አህያ ድንገት መንገድ ላይ ገባችብኝ። ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ተንሸራቶ በቀኝ ጎኔ ወደቅኩ። የቀኝ እግሬ ቅልጥም ተሰብሮ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፤ አጥንቱ ውስጥ ብረት ገባልኝ። ቁስሉ ደርቋል። ሐኪሙ ሲያስወጣኝ ‹ቀስ እያልክ ርገጥ› ብሎኝ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቻችን ግን ‹ሦስት ወር ሳይሞላ ከረገጥክ ብረቱ ይጎብጣል› ስላሉኝ እስካሁን መሬት አላስነካሁትም። አሁን ጉልበቴ እንደ ልቡ አይታጠፍም። እግሬን ወደ ታች ሳወርደው ያብጣል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል። እናቴ ወጌሻ አምጥታ ልታሳሸኝ ነው። የቀኝ እጄም አንጓ በዕለቱ ራጅ ተነስቶ ወለምታ ነው ተብሏል፤ አሁንም ግን ጀበና ሳነሳ ይወጋኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔን ስጨፍን አህያዋ ትመጣብኛለች። ብረቱ መቼ ይወጣል? ሞተርስ መቼ መንዳት እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ስለ እግርህ ብዙ ጽፈሃል፤ ስለ እጅህ አንድ መስመር። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እጅህ ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ሰው ከሞተር ላይ ሲወድቅ ሳያስበው መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀበል ይሞክራል። የሰውነቱ ክብደትና የነበረበት ፍጥነት ተደራርበው አንጓው ላይ ያርፋሉ። አንጓችን ውስጥ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። በአውራ ጣት በኩል ያለችው ስካፎይድ ትባላለች። ከነልጣጩ ያለ ኦቾሎኒ ብታክል ነው። ከስምንቱ በብዛት የምትሰበረው እሷ ናት። ችግሩ ስብራቷ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። ስንጥቁ እንደ ጸጉር ይቀጥናል። ለዚህ ነው አንጓው በወደቀበት ቀን ካመመ፣ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እጁ ታስሮ ቆይቶ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ የሚደገመው። አንተ ግን ከጻፍከው እንደተረዳሁት የተነሳኸው አንዴ ነው። ሁሉም ዓይን እግርህ ላይ ስለነበር እጅህ ተረሳ። ብዙ ቦታ ላይ በተጎዳ ሰው ይህ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ስካፎይድን ከሌሎቹ የሚለያት የደም ሥሯ አገባብ ነው። ደም በብዛት የሚደርሳት ከጣቶቹ በኩል ባለው ጫፏ ገብቶ ወደ ኋላ ወደ ክንድ በኩል እየተመለሰ ነው። መሃሏ ላይ ስትሰበር የኋላዋ ክፍል ደም ያጣል። ሳይታወቅ ከቆየ አጥንቷ ላይያያዝ ይችላል፤ አንዳንዴም የኋላው ቁራጭ ይሞታል። ከዓመታት በኋላ አንጓው በሙሉ ይበላሻል። በ40 ዓመቱ በር መክፈት የሚያቅተው፣ ሲጠየቅ «ድሮ ወድቄ ወለምታ ነበር» የሚል ታካሚ በየጊዜው አያለሁ። አንተ ገና በስምንተኛው ሳምንት ላይ ነህ። አልረፈደም።

አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክር። «ጎበዝ» እንደሚል ሰው የቀኝ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ገትረው። ጣቱ ሥር፣ አንጓው ጋ፣ ሁለት ጅማቶች ይወጠሩና በመካከላቸው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይፈጠራል። በግራ እጅህ ጣት እዚያ ውስጥ ጫን በል። ከዚያ ግራውንም በተመሳሳይ መንገድ ንካው። ቀኙ ከግራው ለይቶ ካመመህ፣ ምርመራ ሌላ ነገር እስኪያሳይ ድረስ እጅህን እንደተሰበረ ቆጥረህ ያዘው። ባያምህም ከምርመራው አትቅር። ስምንት ሳምንት ያልለቀቀ ወለምታ ዝም ተብሎ አይታለፍም። አጥንቷ ደህና ሆና አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት ተበጥሶ ሊሆንም ይችላል። ሐኪሙን «ስካፎይድን ለይቶ የሚያሳይ ራጅ» ብለህ ጠይቅ። ተራ የእጅ ራጅ በቂ አይደለም። ራጁ ንጹህ ሆኖ ሕመሙ ካለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይቀጥላል። ስብራት ከተገኘ እንደ ሁኔታው በጀሶ ወይም በትንሽ ቡሎን ይያዛል።

እጁን ያስቀደምኩት እግርህን ለማስረገጥ ስለምፈልግም ነው። ክራንች ስትይዝ ክብደትህ የሚያርፈው አንጓህ ላይ ነው። በተሰበረ ስካፎይድ ላይ እየተደገፍክ እግርህን ብታድን አንዱን ጠግነህ ሌላውን ማፍረስ ይሆናል። እጅህ እስኪታይ ድረስ ክራንቹን በግራ ብቻ ያዝ። በቀኝ በኩል በክንድህ እንጂ በመዳፍህ አትደገፍ። ጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመህ ክንድህን አሳርፍበት፣ ወይም የወንድምህን ትከሻ ተጠቀም። ስብራት ካለ ክንድ የሚያሳርፍ ክራንች ወይም ዎከር እንዲፈልጉልህ ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቅ።

አሁን ወደ እግርህ። «ሦስት ወር አትርገጥ» የሚለው ምክር ከሜዳ አልመጣም። ስብራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ለሳምንታት ጨርሶ አለመርገጥ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ጎረቤቶችህ እንዲህ ያለ ሰው አይተው ይሆናል። ያንተ ግን ሌላ ነው። ብረቱ ከጉልበትህ በታች ገብቶ በአጥንቱ መሃል፣ መቅኔው ባለበት ቀዳዳ፣ ቁርጭምጭሚትህ አጠገብ ድረስ ይወርዳል። ላይና ታች በቡሎን ተይዟል። የተሠራው ክብደትህን ከአጥንቱ ጋር እንዲካፈል ነው። ሐኪምህ «ቀስ እያልክ ርገጥ» ሲልህ ይህን ያውቃል። አጥንቱን በዓይኑ ያየው፣ ብረቱን በእጁ ያስገባው እሱ ነው። በዚህ ጉዳይ የሰፈር ምክር የእሱን ቃል መሻር አልነበረበትም።

አንድ ነገር ልብ በል። አጥንት ይጠገናል፤ ብረት ግን ራሱን አይጠግንም። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው በመጨረሻ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ አጥንቱ ሳይያያዝለት ለረጅም ወራት ብቻውን የተሸከመ ብረትም ይዝላል። ከዚህ የሚያድነው የአጥንቱ መጠንከር ነው። አጥንቱ ደግሞ የሚጠነክረው ጭነት ሲያገኝ ነው። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ጤነኛ አጥንታቸው እንኳ በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል። አንተም ሁለት ወር ሙሉ እግርህን አየር ላይ አንጠልጥለህ ቆይተሃል። አሁን የሚሰማህ ድርቀት፣ የባትህ መክሳት፣ እብጠቱም ጭምር በአብዛኛው ከስብራቱ ሳይሆን ከመተኛቱ የመጣ ነው።

የቅልጥም ስብራት እንዲህ ይድናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስብራቱ ዙሪያ የረጋው ደም ወደ ለስላሳ ድልድይ ይቀየራል። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ድልድዩ እየጠጠረ ሲሄድ ራጅ ላይ እንደ ስስ ነጭ ደመና መታየት ይጀምራል። በደንብ እስኪያያዝ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። በአደጋው ቀን አጥንቱ ቆዳህን ቀዶ ወጥቶ ከነበረ፣ ወይም ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ከዚህም ይረዝማል። ሲጋራ የአጥንት ጠላት ነው። ይህን ሳላለሳልስ ነው የምነግርህ፤ ቢያንስ አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ተወው። ጫትም ምግብና እንቅልፍ ይነሳሃል፤ ሁለቱም አሁን ያስፈልጉሃል።

አረጋገጡን በግምት አታድርገው። የኪሎ ሚዛን ግዛ ወይም ተዋስ። መሬት ላይ አስቀምጠውና ግራ እግርህን በተመሳሳይ ከፍታ መጽሐፍ ወይም ጣውላ ላይ አቁም። ቀኙን ሚዛኑ ላይ አሳርፈህ ቁጥሩ 20 ኪሎ እስኪያሳይ ቀስ ብለህ ተጫነው። ያን ስሜት ያዘው። 20 ኪሎ ማለት ይህን ያህል ነው። በዚያ መጠን አንድ ሳምንት ተራመድ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 10 ወይም 15 ኪሎ ጨምር። ስትረግጥ መጠነኛ ሕመም ይኖራል፣ አያስደንግጥህ። ከአስር አራት በላይ ካመመህ፣ ወይም ሕመሙ አድሮ ጠዋት ከትናንቱ ከባሰ በፊት ወደነበርክበት ኪሎ ተመለስ። ስትረግጥ ተረከዝህ ቀድሞ መሬት ይንካ። በጣትህ ጫፍ እየነካካህ ከለመድክ ባትህ ያጥርና ቁርጭምጭሚትህ እንደተንጋደደ ይቀራል። ደረጃ ስትወጣ ጤነኛው ይቅደም፣ ስትወርድ የተጎዳው።

እብጠቱና ቀለሙ። እግር ሲንቀሳቀስ የባት ጡንቻ ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ያንተ ባት ሁለት ወር ሥራ ፈትቷል። ደሙ ታች ይቀራል፣ እግርህ ይከብዳል፣ ይጠቁራል። ከፍ አድርገህ ስትተኛ የሚመለስ ከሆነ አትስጋ፤ መራመድ ስትጀምር እየቀነሰ ይሄዳል። ግን ከዚህ የሚለይ አንድ አደገኛ እብጠት አለ። ባትህ ከፍ ብሎ አድሮም ካልጎደለ፣ ከሞቀ፣ ስትነካው ካመመህ ደም ሥርህ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ ነገ እሄዳለሁ አትበል፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ለዚህ ነው ወጌሻው እግርህን እንዳይነካው የምለው። እናትህ የሚያስቡት ላንተ ነው፣ ይገባኛል። ወጌሻ በየሰፈሩ የሚከበር ሰው ነው፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን ብዙ ሰው አቁሟል። ነገር ግን ገና ያልጠጠረ ስብራት ላይ የሚደረግ መታሸት አዲሱን ድልድይ ያናጋዋል። የረጋ ደም ካለ ደግሞ ሊነቅለው ይችላል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ሞቶ፣ ቆርጠን ያዳንናቸው ልጆች አሉ። ይህን በሥራዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በላይ አልረሳውም። ለእናትህ ይህን ንገራቸው፤ ደግሞም ሥራ ስጣቸው። አሁን የምነግርህን እንቅስቃሴ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንዲያስታውሱህ፣ እግርህን ከፍ የሚያደርገውን ትራስ እንዲያመቻቹልህ።

እንቅስቃሴው ዛሬ ማታ ይጀምራል። አልጋ ላይ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ። ነጠላ አጥፈህ የእግርህ ጣቶች ሥር አዙረውና ሁለቱን ጫፍ በግራ እጅህ ወደ ራስህ ሳበው። ባትህ እስኪወጠር ሳበው እንጂ እስኪያስጮህህ አይሁን። 30 ሰከንድ ያዘው፣ ልቀቀው፣ አምስት ጊዜ ድገመው። ቀጥለህ ፎጣ ጠቅልለህ ከጉልበትህ ሥር አድርግና ጉልበትህን ወደ ታች ተጫነው፤ የጭንህ ጡንቻ ሲጠጥር በእጅህ ይሰማሃል። ከዚያ ካልሲ አጥልቀህ ተረከዝህን ለስላሳ ወለል ላይ ወደ መቀመጫህ እያንሸራተትክ ጉልበትህን እጠፍ። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህ ቀጥ ብሎ መሬት ቢነካ 90 ዲግሪ ደርሰሃል ማለት ነው። ለመኪናና ለቢሮ ይህ ይበቃል። ቁጢጥ ብለህ ለመጸዳዳት ግን ከዚያ ብዙ ያስፈልጋል፣ ቁርጭምጭሚትህም ወደ ፊት መታጠፍ አለበት። ለጊዜው ቀዳዳ ያለው ወንበር ይዘጋጅልህ። መንበርከክ ደግሞ ብረቱ የገባበት ቦታ ከጉልበት ሎሚህ ሥር ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሊያምህ ይችላል። ስግደትም ሰላትም ቢሆን ተቀምጠህ አድርስ። ከወር ልምምድ በኋላ 90 ካልደረስክ ለቀዶ ጥገና ሐኪምህ ንገረው፤ ደርቆ እስኪቀር አትጠብቅ።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። የቅልጥም መረቅ ጣፋጭ ነው፣ አይጎዳህም፤ አጥንትን ግን ለብቻው አይገጥምም። አብሹም እንደዚያው። የሚያስፈልግህ በየቀኑ በቂ ፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፤ በጾም ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በርከት ተደርጎ። ጾሙ ከከበደህ የንስሐ አባትህን አማክር። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሙቅ፣ ሁለት ወር ቤት ውስጥ ነው የከረምከው። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛህ ለሳምንታት አትዋጥ። ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይጎዳል፤ የአጥንት መያያዝንም ሊያዘገይ ይችላል የሚል ስጋት አለ። ፓራሲታሞል በመጠኑ ይበቃሃል።

እንቅልፍህን እንደ ትንሽ ነገር አትየው። ከአደጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አእምሮ ነገሩን ደጋግሞ ማምጣቱ የተለመደ ነው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከአንድ ወር ካለፈ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኗል ብለን እንጠረጥራለን። ያንተ ሁለት ወር ሆኖታል። በሽታው መድኃኒትም አለው፣ በንግግር የሚደረግ ሕክምናም አለው። ማበድ አይደለም፣ ፈሪነትም አይደለም። የምትታከምበት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው በዚያው ቀን ቀጠሮ ያዝ። አረቄ ጠጥተህ ለመተኛት አትሞክር። ራስህን መትተህ ከነበረና ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ካስመለሰህ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሂድ።

ተቀጥረህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ለሥራ ብለህ አትቸኩል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ ነው። የሐኪም ማስረጃህን በጊዜው አስገባ።

ብረቱ የግድ መውጣት የለበትም። ብዙ ሰው እንደዋዛ «መቼ ይወጣል» ብሎ ይጠይቃል። ካላስቸገረህ ዕድሜ ልክህን አብሮህ ቢኖር አይዝግም፣ አይመርዝህም። ጉልበትህን ካሰቃየህ ወይም ኢንፌክሽን ከያዘ ይወጣል። ለሕመም ብቻ ከሆነም አጥንቱ በደንብ ከተያያዘ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመት ወዲያ ነው።

ሞተር መንዳትን በተመለከተ ቀን አልቆርጥልህም፣ መስፈርቱን ግን እነግርሃለሁ። የሞተርን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጋዙም የፊት ፍሬኑም በቀኝ እጅህ ነው፤ የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግርህ። አንተ ሁለቱንም የተጎዳኸው በቀኝ ነው። አሁን ባለህበት ሁኔታ ሞተርህ ፍሬን የለውም ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከፊትና ከጎን በተነሱ ራጆች ከሚታዩት አራት የአጥንቱ ጎኖች ቢያንስ ሦስቱ ተያይዘው መታየት አለባቸው። ያለ ክራንች፣ ሳታነክስ መራመድ አለብህ። በቀኝ እግርህ ብቻ ቆመህ ሳትወድቅ መቆየት፣ በእሱ መዝለልም መቻል አለብህ፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲያጋድል የሚይዘው ያ እግር ነው። እጅህም ፍሬኑን ሳያምህ ጨብጦ መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ከአደጋው ቀን ጀምሮ አምስትና ስድስት ወር ሳይሞላ ይሟላል ብዬ አልጠብቅም። ስካፎይድህ ተሰብሮ ከተገኘ ይረዝማል። ስትመለስም በሰፈር አጭር መንገድ ጀምር። አርባ ምንጭ ትቆይ።

ራጅህን አላየሁም። ስብራቱ ወደ ቁርጭምጭሚት ወይም ወደ ጉልበት መገጣጠሚያ የገባ ከሆነ፣ ወይም አጥንቱ ብዙ ቦታ ተሰባብሮ ከነበረ የአረጋገጡ ፍጥነት ይለያል። እዚያ ላይ የቀዶ ጥገና ሐኪምህ ቃል ከእኔ ይቀድማል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ታከምክበት ሆስፒታል ተመለስ። ሩቅ ከሆነና አዲስ አበባ ካለህ ጥቁር አንበሳ፣ አቤት ወይም አለርት የአጥንት ክፍል አላቸው። የድሮ ራጅህንና የመውጫ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ። የእጅህ ራጅ ይነሳ፣ የእግርህም ይደገም፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ መላኪያ ወረቀት ይጻፍልህ። ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ከቀላ ወይም ካተኮሰህ፣ የእግርህ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ስትረግጥ ስብራቱ ላይ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ሂድ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ግን ነጠላውን አምጡልኝ በል።